ማን ይሸከም ተባለ

እንዴት አደሩ እትዬ ዘይቱና! ልጆቹ ደህና? ሱቁ ደህና? እሰይ… እኔማ ይኸው ባጃጄን ከደጅዎ ገትሬ የመጣሁት ለበርበሬ ነው። እናቴ «የቡሬውን፣ የዘይቱናን፤ ሌላ ይዘህብኝ እንዳትመጣ» ብላ ላከችኝ። ባመጣላት ደግሞ «አቃጠለኝ» ትላለች፤ ባላመጣላት «ልጅ የለኝም» ትላለች። እናት እንግዲህ እንዲህ ናት።

እንዴት ነው ዘንድሮ በርበሬው? ኧረ ይቺን ጆንያ አልፎ የሚሄድ ሁሉ እያነጠሰ ነው! ማዶ የቆመው የጋሪ ፈረስ እንኳ ሲያነጥስ ሰማሁት። እውነተኛ በርበሬ እንዲህ ነው፤ ገና ሳይቀምሱት ያስለቅሳል። እንደ አንዳንድ ሰው ምክር… ዝም ብዬ ነው፤ የኔን የንብረትን አፍ ያውቁታል፤ ፍሬን የለውም።

ውይ! ጋሼ፣ እርስዎም እዚሁ ነዎት? እንዴት አደሩ! ከደጅ ብርሃን ስገባ ዓይኔ ጨለመብኝና አግዳሚው ላይ መቀመጥዎን አላየሁም። አይነሡ፣ አይነሡ በእግዜር! ሻይዎን ይጠጡ። እኔ ከእትዬ ጋር ሁለት ቃል ተጫውቼ እሄዳለሁ። የባጃጅ ሹፌር ወሬ ነው፤ ለእርስዎ ጆሮ የሚመጥን አይደለም። አልሰማሁም ይበሉ።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ምክር። እትዬ፣ እርስዎ በንግድ ብዙ አገር ዞረዋል። እስኪ ይንገሩኝ፣ ሕግ ሳይማር ሕግ ያወቀ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አንድ አውቃለሁ። ስማቸውን አልጠራም። የትልቅ ሰው ስም በበርበሬ መሐል አይጠራም፤ ያስነጥሳል።

እኒህ ሰው ሲበዛ ደግ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር አይጠፉም። ዳኞቹ ይቀየራሉ፣ ጸሐፊዎቹ ይቀየራሉ፣ እሳቸውና ዛፉ አሉ። ሰው ተከሰሰ ሲባል ከሥጋ ዘመዱ ቀድመው ይደርሳሉ። ደርሰውም ዝም አይሉም፤ ከተከሳሹና ከጠበቃው መሐል እንደ አጥር ይቆሙለታል። «ጠበቃ ምን ያደርግልሃል? ጠበቃ የሚፈልገውማ ጥፋት የሠራ ሰው ነው፤ ንጹሕ ሰው በገዛ አፉ ይናገራል» ይሉታል። አያምርም? እኔ በሰማሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል። «ሐኪም ቤት የሚሄደውማ የታመመ ነው፤ ጤነኛ ሰው እቤቱ ይሞታል» እንደማለት እኮ ነው።

ምነው ሳቁ እትዬ? እኔ የምሬን ነው የማመሰግናቸው!

ባንተአምላክንማ ያውቁታል። የእማማ አቻምየለሽን ልጅ። ያ ከቡሬ ጭነትዎ ሲመጣ ማንም ሳይጠራው ትከሻውን ከጆንያው ሥር የሚያስገባው። አባቱን በቅጡ ሳያውቅ ያደገ፤ ለትልቅ ሰው «እምቢ» የምትባል ቃል እናቱ ያላስተማረችው። ይኸው እሱ፣ የእኒያን ሰው መሬት እኩል ያርሳል፤ ግማሹ ለባለመሬቱ፣ ግማሹ ለሱ። ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ እህልህ ቆሞ፣ ያ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርዎ» ለማለት ትሽቀዳደማለህ።

በየካቲት ያን ጠብ ያስታውሱታል አይደል? ላህ ወንዝ ዳር፣ የመስኖው ጠብ። ተራው የገበሬው የተስፋው ነበር። በተራው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሽንኩርቱን ሊያጠጣ ወረደ። ቢያይ ቦዩ ደርቋል። ውሃው ወዴት ሄደ? ወደ አንድ የተከበረ ሰው ሽንኩርት። ማን መለሰው? እንግዲህ ውሃ በራሱ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱን ካገኘ ማንን ያስፈቅዳል? እዚያ አጠገብ ደግሞ አንድ ልጅ ዶማ ይዞ ቆሞ ነበር ይላሉ። ረዘም ያለ ልጅ፤ የደግ አባት ልጅ። ልጁ መለሰው አላልኩም! ቆሞ ነበር ነው ያልኩት። ሰው ዶማ ይዞ አይቆምም እንዴ? ለንፋስ ሊሆን ይችላል።

ተስፋው ተሳድቦ፣ ጎንበስ ብሎ ግድቡን በእጁ ሲያፈርስ፣ ከኋላው በዶማ እጀታ ቀኝ ክንዱን ተመታ። «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ የለ? ውሃውስ ቆመ፤ የዚያን ዕለት ያልቆመው የመቺው እግር ነው። ሸንበቆውን ሰንጥቆ ሄደ። ተስፋው ቀና ሲል ያየው ሰው ማን ነው? ጩኸት ሰምቶ ሮጦ የደረሰው ባንተአምላክ። የገዛ ፎጣውን ከራሱ አውልቆ ክንዱን ያሰረለት ባንተአምላክ። ደግ ሠርቶ በቦታው የተገኘ… በኛ አገር ከዚህ የከፋ ጥፋት አለ?

ከዚያማ አገር ተጨነቀ። ደም ሳይቃቡ ነገሩ ይብረድ ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌ ባለበት ነገር አይጠፋም ይባላል፤ አልጠፋምም፤ የጠፋው ሰው ነው።

እትዬ፣ እርስዎ የከተማ ኗሪ ነዎት፤ ግን የገጠሩን ሥርዓት አያጡትም። ከበዳይ ወገን አንዱ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ ከተጎዳው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። «በድያለሁ፣ ማረኝ» ይላል። ያኛውም «እግዜር ይማርህ» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ይሳሳማሉ፣ አብረው ይቆርሳሉ፣ ነገር ይቀበራል። እኔ በዚህ አልቀልድም። ይሄ ሥርዓት ስንት ቤት እንዳይዘጋ አድርጓል። ድንጋዩ ጥፋት የለበትም። ግን በዚያ ቀን፣ እዚያ ጥላ ሥር፣ ማን መታ አልተባለም… ማን ይሸከም ተባለ።

የገባዎት ይመስለኛል።

ያ ረጅሙ ልጅ እንዳይሸከም፣ አባቱ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ናቸው። የሽማግሌ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ከሰው እግር ሥር ሲወድቅ፣ የሽምግልናው ክብር አይወድቅም ወይ? ይወድቃል እንጂ! ስለ ራሳቸው ክብር አይደለም የተጨነቁት፤ ስለ አገር ነው። ሰው እንዲህ ለአገር ሲያስብ ልጁ የሚተርፈው በአጋጣሚ ነው። እና ጫንቃ ተፈለገ። ጫንቃ ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል፤ መሬቱን የሚያርስለት ጫንቃ እኮ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ለሰላም ነው» አሉት ለባንተአምላክ። «አንተ የማንም ዓይን የለብህም፤ ዛሬ ተሸክመህ ነገ ትረሳዋለህ።» ድንጋዩንም ራሳቸው መረጡለት አሉ። ቀለል ያለውን። እስኪ ይሄን ርኅራኄ ይመልከቱ! የሰው ልጅ ወገቡ እንዳይቀጭ ተጨንቀው፣ ከወንዙ ዳር ጎንበስ ቀና ብለው፣ ይሄ ይከብደዋል፣ ያ ይሻክረዋል እያሉ… እኔ አባት ቢኖረኝ እንዲህ ያለ አባት አይኑረኝ አልልም።

ተሸከመ። ወደቀ። «በድያለሁ ማረኝ» አለ። ስንቱ ሰው ቆሞ እየሰማ! ተስፋውም ከኋላው ነው የተመታው፤ ማን እንደመታው የሚያውቀው በተነገረው ነው፤ ማረው። በላን፣ ጠጣን፤ እኔም ከበሉት አንዱ ነኝ። ረጅሙ ልጅ በማግሥቱ ቆላ ወረደ። ለአየር ለውጥ። ከዚህ ከደጋው ንጹሕ አየር በየካቲት ፀሐይ ቆላ የሚወርድ በሽተኛ የቱ ሐኪም እንዳዘዘለት ብቻ አላውቅም። እግዜር ይማረው።

ጋሼ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ እኮ። እትዬ ይጨምሩልዎት? … እሺ፣ ይቅር። እንደ ወደዱ።

እሺ እትዬ፣ ታዲያ ነገሩ የት ተነሣ ካሉኝ፣ ከተስፋው ክንድ ነው። ወጌሻ አሸው፣ እብጠቱ ጠፋ፣ ሁሉም «ተሻለው» አለ። ጣቶቹ ግን አልጨብጥ አሉ። የማረሻ እርፍ መያዝ አቃተው። ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ተሰብሮ ጠሞ ገጥሟል። ለካ የቀበሌው ሚሊሻ በዕለቱ ለፖሊስ ተናግሮ ኖሮ፣ ያ ተኝቶ የነበረ ነገር የሐኪሙ ቃል ሲጨመርበት ነቃ። ባንተአምላክ ሽንኩርት ሲኮተኩት ከማሳው ላይ ተያዘ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጥዬ የወጣሁት ሰውዬ የዞረብኝ። «ታርቀዋል እኮ! ድንጋይ ተሸክሟል እኮ!» እያልኩ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ጮኽኩ። ተስፋው ራሱ፣ በዚያ በማይጨብጥ እጁ፣ «ምሬዋለሁ፣ ልቀቁልኝ» ብሎ ለመናቸው። «አንተ ምረኸዋል፤ ክሱ ግን ያንተ አይደለም» አሉት። ክንዱ የሱ፣ ሕመሙ የሱ፣ ክሱ የሌላ ሰው! ሁለታችንም እንደ ፋራ ተያየን።

የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያቺን ወይዘሪት ፍሬሕይወትን ጠይቄ። ያውቋታል? መንግሥት ለምስኪን የሚያቆማት ተከላካይ ጠበቃ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ስትሄድ የምትሮጥ። እሷ ናት ያስረዳችኝ። ጉዳቱ ቀላል ሲሆን ነገሩ የተበዳዩ ነው፤ እሱ ካላመለከተ ወይ ከታረቀ ያበቃል። ሰው አካሉ ከጎደለ፣ እጁ ከሥራ ከወጣ ግን ከባድ የአካል ጉዳት ይባላል፤ ያኔ ከሳሹ መንግሥት ነው። ተስፋው ቢምር ዐቃቤ ሕጉ አይምርም። እርቁ ቅጣት ሲቀለል ይታሰብ ይሆናል እንጂ ክስ አይዘጋም። እስራቱስ? እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል አለችኝ። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የጠየቅኋት፤ ስትነግረኝ የባጃጄን ቁልፍ ከእጄ ጣልኩት።

እና ያ ሁሉ ሕግ የሚያውቁት ሰው ይሄን አጡት? ኧረ አያጡም! ከዛፉ ሥር ስንት ዘመን ተቀምጠው! የተቀመጡበት ዛፍ እንኳ እስከዛሬ ያውቀዋል። አውቀው ነው ያልነገሩት፤ እንዳይደነግጥ ብለው። አዛኝ ናቸው አላልኩዎትም?

ጣቢያ የተደረገውን ደግሞ ይስሙ። መርማሪው እንደ ደንቡ «ዝም የማለት መብት አለህ፣ የምትናገረው ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል» ብሎታል። ባንተአምላክ ዝምታ የንቀት መስሎት! የመንግሥት ሰው ጠይቆት ዝም ይበል? ደግሞ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ የተቀበሉት ሰው አሉ። ትልቅ ሰው። «በእርቁ ላይ ያልከውን ሳትጨምር ሳትቀንስ በል፤ ቃልህን ካጠፍክ እርቁ ይፈርሳል» አሉት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እሳቸው ግን አፉን በሁለት እጃቸው ከፍተው፣ ዝንቡን ራሳቸው አስገብተው፣ መልሰው ዘጉለት። «እኔ ነኝ፣ በድያለሁ» አለና ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ።

ዋስ እንጥራለት ስንልስ? «ዋስ የሚጠራው ሊያመልጥ ያሰበ ነው» አሉ። አየ ጥበብ! ያመለጠውማ ዋስ ሳይጠራ አይደል ያመለጠው?

ምነው ጋሼ፣ ከዘራዎ ወደቀ? ቆይ ላንሣልዎት… ይኸው። አይዞዎት፣ ወለሉ ነው የሚያዳልጠው።

ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ክሱ ተነበበ። ያ የሕግ አማርኛ መቼም የግዕዝ ቅዳሴ ነው፤ ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ የገባው ቄሱ ብቻ ነው። ዳኛው ልጅ እግር ናቸው፣ መልካም ሰው ይመስላሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጠየቁት፤ «ጠበቃ ማቆም ትችላለህ? ካልቻልክ መንግሥት እንዲያቆምልህ ትፈልጋለህ?» ባንተአምላክ ዳኛውን አላየም እትዬ። ዞሮ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አየ። ያ ሰው ራሱን በቀስታ እንዲህ… እንዲህ ወዘወዘ። እንደ ባሕታዊ። ባንተአምላክም «ጠበቃዬ እግዚአብሔር ነው» አለ።

እግዚአብሔርስ ጠበቃ ነው፤ እኔ አልክድም። ግን መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ዳኛው አላለፉትም። «ነገሩ ከባድ ነው፤ አስብበት» ብለው ለነገ ቀጠሩት። ነገ እትዬ! ነገ ጠዋት የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ይሉታል። «ፈጽሜያለሁ» ካለ በገዛ አፉ ይፈረድበታል፤ ማን የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ላይኖር ነው። እና እኒያ ደግ ሰው ትናንት ወህኒ ቤቱ በር ድረስ ብርቱካን ይዘውለት ሄዱ። ብርቱካን! ለሰው መሬት አራሽ! «አምነህ ጨርሰው፤ ዳኛ ያመነን ይምራል፤ ቶሎ ትወጣለህ» ብለው መከሩት። ከዚያ ወደ እማማ አቻምየለሽ ጎራ አሉና፣ «ያቺን ጠበቃ ከተቀበላችሁ እርቁን ያፈረሳችሁ እናንተ ናችሁ፤ መሬቱንም ማን እንደሚያርሰው እናያለን» አሏት። ሲያስፈራሩ አይደለም! ሲያስቡላት ነው። ልጇ አሥራ አምስት ዓመት ከታሰረ መሬቱን ማን ያርሳል ብለው ከወዲሁ ተጨንቀው ነው።

ሴትዮዋ ግን… እማማ አቻምየለሽን ዝም ስለምትል ሞኝ ናት የሚሏት አሉ። ዛሬ ገና ሳይነጋጋ ቤቴ መጥታ ባጃጄን በጥፊ መታቻት። «ተነሥ፣ ወደዚያች ልጅ ውሰደኝ» አለችኝ። ወሰድኳት። ከወይዘሪት ፍሬሕይወት ጋር ሦስት ሆነን ወህኒ ቤት ሄድን።

ወይዘሪት ፍሬሕይወት ምክር አልመከረችውም። ድንጋዩንም አላነሣችበትም። ቁጭ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ «ተስፋው ‹በሕግ አምላክ› ብሎ ሲጮህ ስትሰማ፣ እጅህ ምን ላይ ነበር?»

ይሄን ሽማግሌ አልጠየቀውም፣ ፖሊስ አልጠየቀውም፣ እኔ ጓደኛው ነኝ ባዩ አልጠየቅኩትም። ባንተአምላክ ቀና አለ። እናቱን አየ። ከዚያ ምን አለ መሰለዎት?

«ጋሪ ጎማ ላይ» አለ።

የማን ጋሪ?

… እትዬ ዘይቱና፣ እርስዎ ለምን ወደ በርበሬው ዞሩ? እኔ እኮ አልወቅስዎትም። ከቡሬ ጭነው ሲመጡ፣ ያን ዕለት ከላህ መሻገሪያ ጭቃ ጋሪው ሲሰምጥ፣ ባለጋሪው ፈረሱን ከፊት ሲጎትት፣ ከኋላ ጎማውን በትከሻው ይገፋ የነበረው ማን ነው? ጩኸቱ ከታች ሲሰማ «ምንድነው?» ያሉት ማንን ነው? ጎማውን ለቆ የሮጠውስ? እርስዎ ያውቃሉ። ባለጋሪውም ያውቃል፤ እሱ ግን ፈረሱን የሚያስግጠው በማን ሣር ላይ እንደሆነ ይጠይቁት።

እርስዎን የያዘዎት ሌላ ነው፤ አውቃለሁ። የታረቀ ነገር አይቆፈርም ብለው ነው። እርቅ የሚያፈርስ ሰው በኛም በእናንተም ሃይማኖት የተጠላ ነው። ባንተአምላክ ድንጋይ ተሸከመ ሲሉዎት «እንዴት? እኔ ጋር አልነበረም?» ብለው አንድ ሰው ጠይቀው ነበር አሉ። ያ ሰውም «ተዪው የኔ እመቤት፣ ለሰላም ነው፤ ነገሩ አልቋል» አለዎት። እርስዎም አመኑ። ማን አያምንም? ክስ እንዳለ፣ ነገ ቀጠሮ እንዳለ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሚባል ነገር እንዳለ ማን ነገረዎት? ቁጭ ብሎ ሻይዎን የሚጠጣ ሰው ይነግርዎታል ብለው ይሆናላ።

እውነት ግን እትዬ፣ ይቺን አግዳሚ ሰው የለመዳት ከመቼ ወዲህ ነው? ከየካቲት በፊት እዚህ ማንም ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። በርበሬ ያሳስለኛል ይሉ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ከየካቲት ወዲህ በርበሬ ወዳድ ሆነዋል። ሱቅዎ በረከት አለው! እርስዎ ከማን ጋር እንደሚያወሩ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ በነጻ የሚጠብቅልዎት ዘበኛ አግኝተዋል። ደመወዙ አንዲት ብርጭቆ ሻይ። ይሄን ዕድል ማን ያገኛል?

የፍሬሕይወትን መልእክት ልንገርዎትና ልጨርስ። «አስገድጄ አልጠራትም» ብላለች። ነገ ባንተአምላክ «አልፈጸምኩም» ይላል። ያን ካለ ዐቃቤ ሕግ ምስክር ያሰማል፤ እነዚያ ድንጋዩን ያዩት ሁሉ ይመጣሉ፤ «በድያለሁ ሲል ሰምተናል» ይላሉ። ውሸትም አይደል፤ ብሏል። ጣቢያም የሰጠው ቃል አለ። ያንን ሁሉ የሚመልሰው ተስፋው ሲመታ ባንተአምላክ ከዚያ ቦታ እንዳልነበረ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የመከላከያ ምስክር ይሉታል። ከነገ በፊት ከእርስዎ አፍ መስማት ትፈልጋለች፤ ያዩትን ብቻ፣ ሳይጨምሩ። ማን መታ አይባሉም፤ እርስዎ አላዩማ። ጎማውን የገፋው ማን እንደነበር ነው የሚጠየቁት። ከዚያ በኋላ «ታዲያ ማን መታ?» ብሎ መጠየቅ የፖሊስ ነው፤ ቆላውም ሩቅ አይደለም፤ መኪና ይሄዳል።

እኔ ልለምንዎት አልመጣሁም። እኔ በርበሬ ልገዛ ነው የመጣሁት። ግን ምስክርነት አማና ነው፣ አደራ ነው ሲሉ ከእርስዎው አፍ የሰማሁ ይመስለኛል። ያ ልጅ ጆንያዎን ሲሸከም «የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ የከበደው ሰው ካየ ይሸከማል። ይኸው ነው በሽታው። ይሄን በሽታ አይተው አንዳንዶች ያዝኑለታል፤ አንዳንዶች ይጭኑበታል።

…

ምነው ተነሡ? ጆንያውን ልክደንልዎት እትዬ? ቆይ፣ ቆይ፣ ሚዛኑን እኔ አስገባዋለሁ። ቁልፉ የት አለ? ኧረ በርበሬው ይቆይ! እናቴ ዛሬ አልጫ ትብላ፤ ለጨጓራዋም ይሻላታል። ባጃጄ ደጅ ናት፤ ከኋላ ይግቡ፣ የግራው በር ትንሽ ያስቸግራል፤ ገፋ ያድርጉት። ቢሮዋ ሩቅ አይደለም፤ እየጠበቀችን ነው። ሻርፕዎ እንዳይቀር።

ጋሼ… ይቅርታ እንግዲህ፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው። ብርጭቆዎን ልቀበልዎት? አልጠጡትም እንዴ! ምን ነካዎት፣ ፊትዎ ገረጣ? በርበሬው ነው፤ ነግሬዎት ነበር፤ ለደረትዎ አይሆንም። ወደ ቤት ነዎት ወይስ ወደ ዛፉ? ቦታ አለ፣ ከፊት ከእኔ አጠገብ ላስቀምጥዎት? … «በእግር ይሻለኛል» ነው የሚሉት? እንደ ወደዱ። ሲሄዱ ቀስ ይበሉ፤ አስፋልቱን ሲሻገሩ ግራ ቀኝ ይዩ፤ ዘንድሮ ባጃጅ በዝቷል።

ያወራሁትን ደግሞ ለክፉ አይውሰዱብኝ፤ የእርስዎን ነገር አይደለም። ስለ አንድ ሌላ ሰው ነው። እኔም ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝለትም፤ አባትም ናቸው፣ አገርም ናቸው፤ እናቴ ትልቅ ሰው መርገም አላስተማረችኝም። መርቄአቸው ነው የምሄደው። እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ፤ ጋሼም ካሉበት አሜን ይበሉ።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ዓይናቸውን አይያዘው፣ ጉልበታቸውን አይያዘው፣ አንደበታቸውን አይያዘው። ያ ልጃቸው ከሄደበት አገር በሰላም ይመለስላቸው። ዳኛ ፊት የሚቆምበት ቀን ሲመጣም፣ ለሰው ልጅ የመከሩትን ምክር አንዲት ቃል ሳያጎድሉ፣ እዚያው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ለገዛ ልጃቸው ለመምከር ያብቃቸው።